ከሃያ ወደ ሠላሳ የዞረው በር

አንኮበር ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ሦስት ወፍራም ደብተሮች ነበሯቸው። ለማትሪክ የሚሆኑ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ለዓመታት በእጃቸው የጻፉባቸው ናቸው። ፈተና የደረሰበት ተማሪ አንዱን ደብተር ለሁለት ቀን ይዋስና ገልብጦ ይመልሳል። መልሱ ላይ ስህተት ያገኘ እንደሆነ ግን ዝም ብሎ አይሰርዝም። መምህሩ ፊት ሰሌዳው ላይ ሠርቶ ያሳያቸዋል፤ ካሳመናቸው እስክሪብቶ ይሰጡታል፤ እርማቱን በገዛ እጁ ከጥያቄው ጎን ይጽፍና ስሙን ያስከትላል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም አይነቀልም። ደብተሮቹ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እኔ ጋ ሲደርሱ ዳር ዳራቸው በስም ተሞልቶ ነበር።

ከእነዚያ ስሞች አንዱ የእናቴ ነው። ጥያቄው በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ የጭነት መኪና ነው፤ ገብቶ ጨርሶ እስኪወጣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል ይላል። መምህሩ የዋሻውን ርዝመት ብቻ ወስደው ለፍጥነቱ አካፍለዋል። እናቴ ከጎኑ «መኪናው ወጣ የሚባለው ጭራው ሲወጣ ነው፤ የመኪናው ርዝመት ይደመር» ብላ ጽፋለች። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። በዚያው ዓመት ትምህርቷን ትታ አገባች። ከዚያ ወዲህ በእድር መዝገብ ላይ ከመፈረም በቀር እጇ ምን ጻፈ ብባል የማውቀው የለም።

ደብረ ብርሃን ከሚገኙ ኮሌጆች በአንዱ ኮምፒውተር ልማር በተመደብኩበት ክረምት መምህሩን ልሰናበት ሄድኩ። እሳቸውም ያን ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። ደብተሮቹን በላስቲክ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ኮምፒውተር የምትማሪ ከሆነ ይህን ልጆቹ ሁሉ በስልካቸው የሚያዩት ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። «የእኔን ስም ብትተዪው ግድ የለኝም። የልጆቹን ስም ግን እንዳትነቅዪ። አደራ።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ይቀናኛል። ሰው ደስ ሲለው ማየት እወዳለሁ፤ ያን ጊዜ ይህ ጠባይ ጉዳት አለው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኮሌጁ ስገባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ «ፍሬሽ» ነው የሚባለው። ፍሬሽ ውኃ ትቀዳለች፣ ፍሬሽ ወረፋ ትይዛለች፣ ፍሬሽ በር አጠገብ ባለው አልጋ ላይ በብርድ ትተኛለች። ከዚያ ሁሉ ያወጣችኝ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ አልጋዋ ከእኔ ማዶ ነበር። የመጣሁ ሰሞን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ስንቀጠቀጥ አይታ ከአንኮበር መጥቶ ደብረ ብርሃንን የሚፈራ ሰው ዛሬ አየሁ ብላ ቀለደችብኝና ጋቢዋን አለበሰችኝ። በእኛ ቤት ታላቅን በስሟ መጥራት ነውር ስለሆነ «እታለም» እላት ጀመር። መጀመሪያ ሳቀች፤ የአያቴ ዘመን ሰው አደረግሽኝ አለችኝ። ኋላ ግን ለመደችው፤ ከሌላ ክፍል ሰው ሲፈልጋት እንኳ እታለም የታለች ይሉኝ ነበር።

እታለም ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ደብተሮቹ ስነግራት ጊዜ አላጠፋችም። ጋሼን አስፈቅዳ ጥግ ተጥሎ የነበረ አሮጌ ኮምፒውተር አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ። በየቀኑ ከክፍል ስወጣ እየሄድኩ ደብተሮቹን እተይብበት ጀመር። ጥያቄው፣ መልሱ፣ ከመልሱ ሥር እርማቱና የአራሚው ስም። እናቴን የተየብኩ ቀን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

እታለም አንዳንዴ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። አንድ ቀን ስለ እቁብ ዕጣ የተጻፈ ጥያቄ ላይ ቆም አለች። መምህሩ ዕጣ የወጣለትን ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ቆጥረውታል። «እቁብ የደረሰው ሰው እኮ ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባም» አለች። ወረቀት ላይ ሠራችው፤ ልክ ነበረች። ለመምህሩ ደውዬ ነገርኳቸው፤ ስልኩን ሰጥቼያት ራሷ አስረዳቻቸው። አሳምናኛለች፣ ስሟን ጻፊላት አሉኝ። ጻፍኩላት። ከደብተሩ ተማሪዎች ውጭ ስሙ የገባ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

በመጋቢት አጋማሽ ገጹ ከውጭ እንዲታይ ማድረግ ቀረ። በመማሪያ መጽሐፋችን የመድረሻ አድራሻ መለወጥ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም ነበር። እታለም በአንድ ትንፋሽ አስረዳችኝ። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ አስቢ አለችኝ። መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚያውቀው የግቢውን በር ብቻ ነው፤ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች አያውቅም። ራውተሩ ዘበኛው ነው። እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ዘበኛው የታዘዘውን ክፍል ያሳየዋል። እንግዳው ግን ሁልጊዜ የመጣው ወደ በሩ ነው፤ ክፍል ቢቀየርበት አያውቅም።

ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ሰው ሲሠራ እያየ የተማረ የለም፣ እኔ እነግርሻለሁ አንቺ ጻፊ አለችኝ። የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። የጽሕፈት ቤቱ መስመር ቋሚ የውጭ ቁጥር አለው። ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች በቁጥራቸው መጨረሻ ነበር የምንጠራቸው፤ የእኔ አሮጌ ሃያ ነው፣ እሷ የምትሠራበት ሠላሳ። ከውጭ ለድረ ገጽ የሚመጣ ሁሉ ወደ ሃያ ይሂድ የሚል አንድ መስመር ሞላሁና አስቀመጥኩት። ከሃያ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ስከፍተው ታየ፤ ተከፈተ ብዬ ጮህኩ።

«ይሄ አይቆጠርም» አለችኝ። «ውስጥ ሆነሽ ያየሽው በሩን አልፎ የመጣ አይደለም። ዋይፋዩን አጥፊና ውጪ። በር መከፈቱን የሚያውቀው ከውጭ የመጣ ነው።»

ወጥቼ መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆምኩ፤ በስልኬ ዳታ የውጭውን ቁጥር ጻፍኩ። ረዳቶች «ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት» እያሉ በሚጣሩበት መሀል የመምህሬ ደብተር መዳፌ ላይ ተከፈተ፤ በደስታ ዘለልኩ። በመስታወቱ በኩል እታለም አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ቁጥሩን ለአንኮበር ተማሪዎች ላክሁ። ኮምፒውተሩ ገጹን የጎበኘውን ሰው ሁሉ የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው፤ በየቀኑ ስከፍተው አዳዲስ ጎብኚ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ዝርዝሩ ድንገት ባዶ ሆነ። ለእታለም ነገርኳት። ተማሪ መቼ ያነባል፣ ፈተና ሲደርስ ይመጣሉ አለችኝ። አመንኳት። የቀሩትን ምዕራፎች መተየቤን ቀጠልኩ፤ በየቀኑ ከሃያ ላይ እየከፈትኩ አያለሁ፤ ሁሉ በቦታው ነው። ዳታዬን ለመቆጠብ ስል ዳግመኛ ወደ ውጭ ወጥቼ አላየሁም። እሷው ያስተማረችኝን ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው የሠራሁበት።

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት ለእናቴ የማሳይሽ ነገር አለ አልኳት። ከቤታችን በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ካልወጡ ኔትወርክ የለም፤ እናቴ አዲስ ነጠላዋን እንደለበሰች አቀበቱን ወጣን። ቁጥሩን ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ። ቀለሙ የእኔ አልነበረም። ከላይ በትልቁ «አዘጋጅ» ይላል፤ ሥሩ የእታለም ስም ከነአባቷ።

የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆናል ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። የዋሻው ጥያቄ አለ። መልሱም አለ። ከሥሩ ግን ማንም የለም። ሌሎቹንም አየሁ፤ አንድም የአራሚ ስም የለም።

እናቴ አንገቷን ወደ ስልኩ አስግጋ፣ «የት ጋ ነኝ?» አለችኝ።

«ኔትወርኩ ነው እማዬ፤ ሁሉን አላመጣውም።»

ስልኩን ከእጄ ወስዳ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አነበበች። «መልሱ አለ እኮ» አለች። «ጭራውን ደምረውታል።» ከዚያ መለሰችልኝና ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁለቱን ቀድማኝ ወረደች።

እኔ ምን አደረግሁ? ለእታለም ደወልኩ። እርዳታ ፈልጌ። ሰው ገብቶብናል እታለም፣ ስሞቹን አጥፍቷቸዋል አልኳት። ስሟን ከላይ እያየሁ እንኳ እሷን አልጠረጠርኩም፤ ጥቃት ደርሶ ገጹን ለማዳን የጻፈችው መስሎኝ ነበር። በበዓል አትጨነቂ፣ ስትመጪ እናወራለን አለችኝ።

ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ዶርም ሳላደርስ ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። እኔ የሞላሁት መስመር እንዳለ አለ፤ የውጭው ቁጥር ያው ነው። መጨረሻ ላይ ሃያ የነበረው ብቻ ሠላሳ ሆኗል። ሃያ ላይ ተቀምጬ ለሳምንታት ስተይብ ማንም አያየኝም ነበር ማለት ነው። እንግዳው ሁሉ በሩን አንኳኩቶ ወደ እሷ ክፍል ይገባል።

እታለም ከኋላዬ ቆማ ነበር። በሩን ዘጋችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ እንደተበላሸባት፣ ሰው የሚጠቀምበት ገጽ ካላቀረበች እንደማያሳልፏት፣ ሌላ መላ አጥታ ገጹን ወደ ሠላሳ እንደገለበጠችው ነገረችኝ። ያንቺን ምንም አልነካሁም፣ ሃያ ላይ እንዳለ ነው አለችኝ።

«ስሞቹስ?» አልኳት።

«ገጹን ያጨናንቁት ነበር። ተማሪ የሚፈልገው መልሱን ነው እንጂ ስም ምን ያደርግለታል? ያንቺን ምስጋናው ላይ አስገብቼዋለሁ፤ መጨረሻው ጋ ብታዪው አለ።»

«የዋሻውስ ጥያቄ ላይ ያለችው?»

«ማን ናት እሷ?»

«እናቴ ናት።»

ይህን አታውቅም ነበር፤ ነግሬያትም አላውቅም። ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ማክሰኞ አቀርባለሁ፣ እስከ ማክሰኞ ብቻ ተዪልኝ፣ ረቡዕ ጠዋት በራሴ እጅ ወደ ሃያ እመልሰዋለሁ አለችኝ። «አንቺ እኔን ታዋርጂኛለሽ እንዴ ሚጡዬ?» አለችኝ።

ጋቢው ትዝ አለኝ። እሺ አልኳት። ይህ እሺ ነው አሁንም ማታ ሳስበው የሚያቃጥለኝ። ማሽኑም እዚያው ነበር፣ ፓስወርዱንም አውቃለሁ፤ አንድ ቁጥር መቀየር ነው።

ማክሰኞ አቀረበች፤ አለፈች። ሰው በብዛት የሚጎበኘው ሥራ ነው ብለው እንዳመሰገኗት ዶርም ውስጥ ሲወራ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሰማሁ። ረቡዕ ጠዋት ወደ ውጭ ወጥቼ በዳታ ከፈትኩት። የእሷ ነው። ከሰዓት ከፈትኩት። የእሷ ነው። ሐሙስ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ራውተሩን ልከፍት ፓስወርዱን ጻፍኩ፤ ተሳስቷል አለኝ። ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራሁ ደግሜ ጻፍኩ። ተሳስቷል።

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ሆነው ያዩኝ ነበር። «እኔ ነኝ የቀየርኩት» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው ለስላሳ ነው። «ራውተሩን እየነካካሽ ኢንተርኔቱን እንደምታቋርጪ ጓደኛሽ ነገረችኝ። ልጅ ነች ይቅር በሏት ብላኛለች። አልተቀየምኩሽም፤ ብቻ ከእንግዲህ እንዳትነኪው።»

ከሁሉም ይህ ባሰብኝ። ስሞቹን ስታጠፋ ቸግሯት ነው ልል እችላለሁ። ይህን ግን አስባ፣ እንደማልናገር አውቃ ነው የሠራችው። ዕድሜ ልኬን ሰው እንዳይቀየመኝ እየተጠነቀቅሁ የኖርኩ ነኝ፤ ያላጠፋሁትን አጥፍታለች ተብዬ ይቅርታ ተጠይቆልኛል።

ላለቅስ ነበር፤ ካለቀስኩ ግን ጥፋተኛ እመስላለሁ ብዬ ያዝኩት። ጋሼን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። ስልክዎን ይዘው ዋይፋዩን ያጥፉና ይህን ቁጥር ይክፈቱልኝ አልኳቸው። ከፈቱ። ከዚያ ወደ ሃያ ወስጄ ያንኑ ገጽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ከአንዱ እያስተያዩ ብዙ ቆዩ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ አንድ። በአንዱ ስም አለ፣ በአንዱ የለም።

«እነዚህ ሁሉ ስሞች የማን ናቸው?» አሉኝ።

ስለ ደብተሮቹ ነገርኳቸው። ስለ መምህሬም፣ ስለ አደራውም። ከዚያ በጣቴ አንዱን ስም ነካሁት። «ይህቺ እናቴ ናት» አልኩ።

የራውተሩን ገጽ ከፈቱ፤ አዲሱን ፓስወርድ እጃቸውን ሳይከልሉ እያየሁ ጻፉት። ሠላሳን አጠፉና ሃያ ጻፉ። «ሂጂ ውጭ ሆነሽ እይው» አሉኝ።

ወጣሁ። ተከፈተ፤ የእኔ ቀለም፣ የልጆቹ ስም። በመጋቢት የዘለልኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር፤ አሁን ግን አልዘለልኩም። ጋሼ ለኮሌጁ ልናገር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቅር አልኳቸው። እስከ ማክሰኞ ያልኩት እኔ ነኝ።

ለእናቴ ደወልኩ፤ የጎረቤት ልጅ ይዛ ባሕር ዛፉ ሥር ወጥታ እንድታይ ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። «አየሁት» አለችኝ። «ያን ለታ ጥፋቱ የኔትወርኩ አልነበረም አይደል?» አዎ፣ አልነበረም አልኳት። ዋሽተሽኛል ብላ አልወቀሰችኝም። ለአባትሽም አሳየሁት፣ እሱ ግን የዋሻው ጥያቄ አልገባውም ብላ ሳቀችና ዘጋችው።

ከዚያ አንድ ሥራ ቀረኝ። ሃያ ላይ ተቀምጬ ወደ እቁቡ ጥያቄ ወረድኩ። የእታለም ስም አለ። የሁሉንም ነቅላ ስታበቃ የእሷ ብቻ በእኔ ገጽ ላይ በክብር ተቀምጧል። ጠቋሚውን ስሟ ላይ አድርጌ ፊደሎቹን አጠቆርኳቸው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረኝ። ሥርዓቱ የመምህሬ ስለሆነ ግን ሳልጠይቅ ማድረግ ከበደኝ፤ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«እርማቷ ልክ ነው ወይስ አይደለም?» አሉኝ።

«ልክ ነው።»

«እቁብ የደረሰው ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባም?»

«አይገባም፣ መምህር።»

«እንግዲያ ምኑን ነው የምትነቅዪው?»

ጠቋሚውን ከስሟ ላይ አነሳሁ። እሺ አልኳቸው።

እታለም ጽሕፈት ቤቱን ለቀቀች። በሰኔ ተመርቃ እስክትሄድ ድረስ ማዶና ማዶ አልጋ ላይ ተኛን፤ ጋቢውን አጥቤ አጥፌ ትራሷ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ወሰደችው። ሌሎች ልጆች ከልምድ እታለም የታለች ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያው ጋ ሄጄ ዋይፋዩን አጥፍቼ ገጹን ከውጭ አያለሁ። ዳታዬ ይበላል፤ ይብላ። መጀመሪያ ወደ ዋሻው እወርዳለሁ፤ እናቴ አለች። ከእርሷ ሁለት ጥያቄ ዝቅ ሲል እቁቡ ነው። እዚያም ስሙ አለ፤ አልፌው ለመሄድ እሞክራለሁ፤ ግን ሁልጊዜ አነበዋለሁ።